መምህርት ስንቅነሽ የከለከለችው ማርክ

አንዲት መምህርት ነበረች፤ ስሟ ስንቅነሽ ይባላል። ያገባችው ወታደር ነው። የወታደር ሚስት ደግሞ ቤቷ የት እንደሆነ ስትጠየቅ ቶሎ መልስ አይመጣላትም። ዘንድሮ ቆላ ናት፣ ለከርሞ ደጋ። ጎረቤት ለምዳ፣ የጓሮ ጎመን ተክላ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቀነጥስ ስትል ባል ከሰልፍ ይመጣና «ተዛውረናል» ይላል። ጓዝ በወታደር መኪና ይጫናል፤ ጎመኑን ሌላ ሰው ይበላዋል።

ስንቅነሽ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አትለቅም ነበር። የደረሱበት ጦር ሰፈር ሁሉ፣ ገና አልጋ ሳትዘረጋ፣ «ልጆቹ የት ነው የሚማሩት?» ብላ ትጠይቃለች። ትምህርት ቤት ካለ ሄዳ ትቀጠራለች። ከሌለ አዛዡን ደጅ ጠንታ ባዶ ቤት ታስለቅቃለች። አንዴ የተሰጣት የፈረስ ጋጣ ነበር። እሷና የወታደር ሚስቶች ፋንድያውን ጠረጉ፤ ግድግዳውን ለቀለቁ፤ የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሰባብረው ከከሰል ጋር ፈጭተው ሰሌዳ አጠቆሩ። ለደወል የመኪና ቸርኬ ሰቀሉ። በማግስቱ የወታደሩም የገበሬውም ልጅ አንድ ላይ ተቀምጦ ፊደል መቁጠር ሲጀምር፣ መለከት ነፊው ሳይቀር በር ላይ ቆሞ አዳመጠ።

እንዲህ እያለች ብዙ ሰፈር ዞረች። ይህ ታሪክ ግን ከእነዚያ ሰፈሮች በአንዱ የሆነ ነው፤ ያየችውም የሰማችውም ልጇ አስካለ ናት። አስካለ ያን ጊዜ ከሕፃንነት ወጥታ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች፣ ሁሉን የምትሰማ፣ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ገሠሠ ይባላል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል መርዕድ ደግሞ በጦር ሜዳ ስሙ የተጠራ፣ በሰላሙ ጊዜ ግን ሰፈሩን እንደ ግል ርስቱ የሚያይ መኮንን ነበር። ከተማው ዳር ቤት እያሠራ ነው። ለቤቱ የሚመጣውን እንጨትና ድንጋይ ማን እንደሚያራግፈው ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

በበጋው ማለቂያ፣ ነፋስ በሚበረታበት ወቅት፣ አንድ እሑድ ገሠሠ የነዳጅ መጋዘኑ የዘብ አለቃ ሆኖ ተረኛ ነበር። ረፋዱ ላይ ኮሎኔሉ መጥቶ ዘቦቹን ይዞ ሄዶ የቤቱን አጣና ከመኪና እንዲያራግፍ አዘዘው።

«ጌታዬ፣ መጋዘኑስ?» አለ ገሠሠ።

«ሁለት ሰው ተው። ነዳጅ እግር የለው፣ ወዴት ይሄዳል?»

ትእዛዝ ነው፤ ሄደ። ከቀትር በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ደረቅ ሣር እሳት ያዘው። ሁለት ሰው ሊያጠፋው አልቻለም። መጋዘኑ ጋየ፤ ከሁለቱ ዘቦች አንደኛው እጆቹ ተቃጥለው ሐኪም ቤት ገባ። ጭሱ እስከ ገበያው ድረስ ታየ።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ንብረት ወድሞ ጥፋተኛ ሳይገኝ አይቀርም። ኮሎኔሉ ሠራዊቱን አሰልፎ፣ «ሃምሳ አለቃ ገሠሠ ዘቡን ጥሎ፣ ቤቱ ሄዶ፣ ከሚስቱ ጋር ምሳ ሲበላ ነው መጋዘኑ የተቃጠለው» ብሎ ተናገረ። አጣና ያራገፉት ወታደሮች እዚያው ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ሁሉም ፊት ለፊታቸውን ብቻ አዩ። አንድም የተነፈሰ አልነበረም። ገሠሠ ቀበቶውን ፈትቶ አስረከበና ወደ ሰፈሩ እስር ቤት ገባ።

ስንቅነሽ ያን እሑድ ከቤት አልወጣችም። ልብስ ስታጥብ ነው የዋለችው። ባሏን ለምሳ ጠብቃው፣ ሳይመጣ ሲቀር ምግቡን ከድናለት፣ ጭሱን እስካየችበት ሰዓት ድረስ የመጣ ሰው የለም። እውነቱን አሳምራ ታውቃለች። ግን ለባሏ የምትመሰክር ሚስት ማን ያምናታል? ኮሎኔሉም ክሱን እንዲህ አድርጎ ያበጀው ይህን አስቦ ነው። ወታደሮቹ ዝም ካሉ፣ ገሠሠ ቤቱ እንዳልነበረ መናገር የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሚስቱ ሆነች።

ሰኔ ገባ፤ የትምህርቱ ዓመት አለቀ። የኮሎኔሉ ልጅ ሳምሶን ስንቅነሽ ዘንድ አራተኛ ክፍል ይማር ነበር። አባቱ ልጁን በዋናው ከተማ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያስገባው አስቧል፤ ለዚያ ደግሞ አራተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ማለፍ ያስፈልጋል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ኮሎኔሉ ራሱ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። አስካለ ከኋላ ወንበር ትደረድራለች።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ እንዴት ነዎት? ልጆቹ አስቸገሩዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። «የሳምሶን ውጤት ታወቀ?»

«ታውቋል። ወድቋል።»

ኮሎኔሉ ፈገግ አለ። እንዲህ አድርጎ ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ ጥቁሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«የወደቀ ይነሣል» አለ። «እጅሽ ላይ ያለ ነገር ነው። የባልሽም ጉዳይ እንዲሁ እኔ እጅ ላይ ያለ ነው። እኔ አንድ ቃል ብናገር ዛሬውኑ ቤቱ ያድራል። አንቺም አንድ ቁጥር ብትጽፊ ልጄ ትምህርት ቤቱ ይገባል። ማንም አይጎዳም።»

«እርስዎ» መቼ «አንቺ» እንደሆነ አስካለ ከኋላ ሆና አስተዋለች። ልቧ ግን በደስታ ዘለለ። አባቷ ዛሬ ሊፈታ ነው!

ስንቅነሽ እጇ ላይ የነበረውን ጠመኔ አስቀመጠች።

«ኮሎኔል፣ ልጅዎን አልፏል ብዬ ብጽፍ፣ እዚያ ሄዶ መጽሐፍ ሲሰጡት ማን ያነብለታል?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«እሱማ የኔ ጉዳይ ነው» አለች። «የባሌ መታሰር ነው የእርስዎ ጉዳይ። ክረምቱን ልጁን ይላኩልኝ፤ ላስተምረው እችላለሁ። ያላገኘውን ማርክ ግን አልሰጠውም።»

«ትጸጸቺበታለሽ።»

«ሊሆን ይችላል።»

ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። አስካለ ወንበሩን ወርውራ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቁጥር እኮ ነው! ማን ያይሻል? ማን ይጠይቅሻል?»

ስንቅነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። 

«አስካልዬ፣ አባትሽ የታሰረው ለምንድን ነው? ሰዎች ያዩትን አላየንም ስላሉ ነው። ለምን እንደዚያ አሉ? ስለፈሩ፣ ቤተሰብ ስላላቸው፣ አንዲት ቃል ምን አላት ብለው። እኔም ዛሬ እንደነሱ ከሆንኩ፣ ነገ በምን አፌ ነው ባሌ በሐሰት ታሰረ የምለው?»

አስካለ ይህ አልገባትም። የገባት አባቷ እስር ቤት እንደሚያድር ብቻ ነበር። ያን ቀን ከእናቷ ጋር ማዕድ አልቀረበችም።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ቀን አልፈጀበትም። የወታደር ሚስቶች ውኃ ሲቀዱ ስንቅነሽን እያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር። አንዳንዷ «ጀግና» አለቻት። የሚበዙት ግን ፈረዱባት። የጎረቤቷ የወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ «ባሏን አሳስራ የሰው ልጅ የምታርም ሴት! ለገዛ ቤቷ ያልሆነች ለማን ልትሆን ነው?» ስንቅነሽ ሰምታ እንዳልሰማች እንስራዋን ተሸክማ ታልፋለች።

ለባሏ ግን ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለገችም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሄዳ፣ በእስር ቤቱ መስኮት በኩል ራሷ ነገረችው። አስካለ አብራት ነበረች። ገሠሠ አዳምጦ ጨረሰ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መልሶ በመስኮቱ አሾለከላት።

«ውሰጂው። አልራበኝም» አለ።

በማግስቱም ይዛ ሄደች። ዘቡ ተቀበላት፤ ገሠሠ ግን መስኮቱ ጋ አልመጣም። በተከታዩም ቀን እንዲሁ። አስካለ ስለ እናቷ ስታስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚላት ያ ሰሞን ነው። ዝናቡ ጀምሯል። መንገዱ ጭቃ ነው። ስንቅነሽ ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍና በየቀኑ ትሄዳለች፤ መስኮቱ ላይ ሰው እንደሌለ እያወቀች «እንደምን ዋልክ፣ ገሠሠ?» ትላለች፤ መልስ ሳይመጣ ጥቂት ቆማ ትመለሳለች። ቤት ስትገባ እግሯን ታጥባ ሥራዋን ትይዛለች። አልቅሳም ከሆነ ያየ የለም።

ክረምቱ እንደገባ የኮሎኔሉ ሚስት ወይዘሮ ጽጌ ጥላ ይዛ፣ ሳምሶንን አስከትላ ስንቅነሽ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አለቻት ስንቅነሽ።

«ያውቃል። እንደማያውቅ ሆኗል እንጂ» አለች ወይዘሮ ጽጌ፤ አንገቷን ደፋች። «እኔ ልጄ እንዲያነብ ነው የምፈልገው።»

ስንቅነሽ ልጁን አስገብታ ከአስካለ አጠገብ አስቀመጠችው። አስካለ አባቷን ካሰረው ሰው ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጧ አንገበገባት። እናቷ ጀርባዋን ስታዞር በክርኗ ትደቁሰዋለች። ሳምሶን ፈቀቅ ይልላታል። አንድ ቀን ስንቅነሽ «አንብቡ» ብላቸው ወደ ማድቤት ገባች። ሳምሶን ስለ ቀበሮና ስለ ወፍ የሚተርከውን ገጽ ጥርት አድርጎ ያነብ ጀመር። አስካለ ልታበሽቀው ገጹን ገለጠችበት። ልጁ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳይነቅል ስለ ቀበሮና ስለ ወፍ ማንበቡን ቀጠለ። አዲሱ ገጽ ላይ ያለው ግን የእርሻ መሣሪያ ታሪክ ነበር።

አስካለ ደነገጠች። «አታነብም እኮ! በቃልህ ነው የምትወጣው!»

«አልችልም» አለ ሳምሶን። «ሌላው ሲያነብ እየሰማሁ እይዘዋለሁ። እዚህ ከመምጣታችን በፊት ሁልጊዜ አንደኛ ነበርኩ። አስተማሪዎቹ አንደኛ ይሉኛል፣ አባዬ ይሸልመኛል። ፊደሉን ግን… ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ይህን ልጅ የዘረፉት አባቱን ፈርተው ማርክ ሲሰጡት የኖሩት ደጋግ አስተማሪዎች ናቸው። በየዓመቱ አንድ ደግ ሰው አንድ ቁጥር ጻፈለት፤ በየዓመቱ አንድ ዓመት ወሰደበት። እናቷ ብቻ ከለከለችው። የከለከለችውም ሊያውቅ እንደሚችል ስላመነች ነው። ያን ቀን አስካለ መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችና ጣቷን «ሀ» ላይ አስቀመጠች። «ና፣ ከዚህ እንጀምር» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሳምሶንን ሁለት ሰው አስተማረው፤ እናትም ልጅም።

ዝናቡ በበረታ ሰሞን ስንቅነሽ እንደ ልማዷ መስኮቱ ሥር ቆማ «እንደምን ዋልክ፣ ገሠሠ?» ስትል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ልጁስ እንዴት ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«የኮሎኔሉ ልጅ ነዋ።»

ስንቅነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። «ፊደሉን ጨርሷል። አሁን አጭር አጭሩን ቃል ጀምሯል።»

ገሠሠ ወደ መስኮቱ መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ሰርጉዷል። ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

«በጣም ተናድጄብሽ ነበር፣ ስንቄ» አለ። «ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ቁጥሩን ጽፈሽ ብትመጪ ኖሮ ወጥቼ ምን ብዬ ሰልፍ ላይ እንደምቆም አጣሁት። ጥፋተኛ ነበርኩ፣ በምልጃ ተፈታሁ ነው የሚባለው።» ከዚያ ጥቂት ሳቅ አለ። «ለልጁ ንገሪልኝ። እኔ በታሰርኩበት ክረምት ነው የሚማረው፤ እንዳያባክነው።»

ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ በላ። አስካለ አባቷ ሲያኝክ እያየች የተሰማትን ደስታ እስካሁን በቃል መናገር አትችልም።

መስከረም ጠባ። የተቃጠለው ነዳጅ ነገር ወደ ላይ ደርሶ ኖሮ፣ አንድ ሽማግሌ ጄኔራል ከዋናው ከተማ ለምርመራ መጡ። ጄኔራሉ ነገሩን በዝግ ቤት ማየት አልፈለጉም። ሠራዊቱ በሰልፍ ሜዳው ይሰለፍ፣ የሰፈሩ ቤተሰብና የከተማው ሽማግሌዎችም ይምጡ አሉ። ሜዳው መሐል ጠረጴዛ ተዘርግቶ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ኮሎኔሉ ተናገረ፤ ሃምሳ አለቃው ቤቱ ነበር አለ። ቀጥሎ ገሠሠ ተናገረ፤ በትእዛዝ አጣና ሳራግፍ ነበር አለ። ጄኔራሉ ወደ ወታደሮቹ ዞረው «አጣና ያራገፈ አለ?» ብለው ጠየቁ። ዝም። ደግመው ጠየቁ። አሁንም ዝም። ኮሎኔሉ ሰልፉ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ነገ ጄኔራሉ ይሄዳሉ፣ ኮሎኔሉ ይቀራል።

«እንግዲህ ክሱ ቤቱ ነበር የሚል ከሆነ፣ ቤት የነበረችውን መጠየቅ አለብኝ» አሉ ጄኔራሉ። «ሚስቱ ትምጣ።»

ስንቅነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ያን እሑድ ቤት ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ባልሽ መጥቷል?»

«ጠዋት ከወጣ በኋላ እሳቱ እስኪነሣ ድረስ ቤት አልመጣም።»

«ታዲያ የት ነበር?»

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ። «አጣና ሲያራግፍ» ብትል ምን አለባት? እውነት ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነው።

«አላየሁም» አለች ስንቅነሽ።

«እሱ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል፤ እኔም አምኜዋለሁ። በዓይኔ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልመሰክርም። ያየሁት፣ ቤት አለመምጣቱን ነው።»

ከሴቶቹ መሐል ማጉረምረም ተነሣ። ወይዘሮ ዘነቡ ጭኗን መታች። አስካለ ዓይኗን ጨፈነች፤ አሁንም፣ በዚህ ሰዓትም! ጄኔራሉ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሴትዮዋን ለአፍታ ተመለከቷት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ።

«ኮሎኔል፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ፣ ጌታዬ። የልጄ አስተማሪ ናት።»

«ትዋሻለች?»

ኮሎኔሉ አፉን ከፈተ። «አዎ» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ስሙም ማዕረጉም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ነገር ግን ባርኔጣውን አውልቆ የቆመባት ያቺ ክፍል ሳትታየው አልቀረችም። የባሏን መፈታት እጇ ላይ አስቀምጦላት እንኳ አልዋሸችም። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌ ከሴቶቹ መሐል ሆና ባሏን ታየዋለች። ሳምሶንም ያየዋል።

«አትዋሽም» አለ ኮሎኔሉ።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«እንግዲያው ሃምሳ አለቃው ቤቱ አልነበረም» አሉ ጄኔራሉ።

ኮሎኔሉ አንገቱን ደፋ። ያኔ ከሰልፉ መሐል አንድ ወታደር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ ከኛ ጋር ነበር። አጣና እያራገፍን ነበር» አለ። ቀጥሎ ሌላው ወጣ። ከዚያ ሌላው።

ገሠሠ ያን ዕለት ቀበቶውን ታጥቆ ቤቱ ገባ። ኮሎኔሉ ከአዛዥነቱ ተነሣ። የሄደበት ቀን በመኪናው ወደ ፊት ብቻ እያየ ነው የወጣው፤ ማንንም አልተሰናበተም። ከመሄዳቸው በፊት ግን ወይዘሮ ጽጌ ሳምሶንን ለፈተና አምጥታው ነበር። ልጁ ጽፎ አስረከበ፤ ስንቅነሽ አረመችው። ያገኘው ማርክ ከማለፊያው ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። ሳምሶን ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይቺ የኔ ናት?» አላት።

«ያንተ ናት። ማንም አልሰጠህም፤ ማንም አይወስድብህም።»

ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አስካለ አታውቅም። የወታደር ልጅ ጓደኛውን እንዲሁ ነው የሚያጣው።

የስንቅነሽ ሕይወት ከዚያም በኋላ ረጅም ነበር። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቸርኬ፣ ሌላ የጎመን መደብ። ከዓመታት በኋላ ጦርነት ተነሥቶ ገሠሠ ዘመተ፤ ከዘመተበትም አልተመለሰም። ሐዘኑ ሲያበቃ ሰዎች ወደ ዘመዶቿ አገር እንድትገባ መከሯት። እሷ ግን የክፍል በሯን ከፍታ ገባችና ልጆቹን «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለቻቸው። ፀጉሯ እስኪነጣ፣ የተማሪዎቿን ልጆች እስክታስተምር ድረስ አስተማረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም እንኳ የጎረቤት ልጅ ደብተር ይዞ ሲመጣ «ራስህ አንብበህ ንገረኝ እንጂ» ትለው ነበር።

አስካለ አድጋ አዋላጅ ነርስ ሆነች። እናቷ ካረጀች በኋላ፣ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የከነከናትን ጥያቄ አነሣችባት።

«እማዬ፣ ጄኔራሉ ባይመጡስ ኖሮ? ወይም ኮሎኔሉ ትዋሻለች ቢልስ ኖሮ? አባዬ እዚያው ቢቀርስ?»

ስንቅነሽ ዓይኗን ከፀሐዩ በእጇ ከለለች።

«ጄኔራሉ እንደሚመጡ መች አውቄ ነበር?» አለች። «ይህን ጥያቄ ያን ክረምት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት፣ ልጄ። መስኮቱ ሥር ስቆም በየቀኑ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱ በየቀኑ ያው ሆነብኝ። አባትሽ ባይፈታ በጣም አዝን ነበር። በሠራሁት ግን አላፍርም ነበር። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው።»

ስንቅነሽ ዕድሜ ጠግባ፣ በአልጋዋ ላይ እንዳለች አረፈች። በቀብሯ ቀን አስካለ የእናቷን የሕይወት ታሪክ እንድትናገር ተጠየቀች። ሰው የጠበቀው የሰፈሮቹን ስም፣ ያስተማረችበትን ዘመን፣ የተሸለመችውን ሽልማት ነበር። አስካለ ግን ከዚያ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ ያን አንድ ክረምት መርጣ፣ አሁን እናንተ እንዳነበባችሁት አድርጋ ተናገረች። ስትጨርስ አንዲት ወጣት አስተማሪ ከኋላ ሆና ዓይኗን ስትጠርግ ታየች።

ወዳጆቼ፣ ከዚህች መምህርት የምንወስደው ይህን ነው። የአንድ ሰው ቃል ክብደት የሚወሰነው በተናገረበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ መዋሸት በሚጠቅምበት ሰዓት ባደረገው ነው። ስንቅነሽ ለጠላቷ ልጅ ያልዋሸች ስለሆነች ለባሏ ስትናገር ታመነች፤ ያመናትም ጠላቷ ራሱ ነበር። ደግነት ብለን በምንሰጠው ሐሰት ደግሞ ሰው እንደሚጎዳ አንርሳ። ሳምሶንን የጠቀመው የተከለከለው ማርክ ነው።

ዛሬ እኛም በየሥራችን ላይ የሰው ጉዳይ እጃችን ላይ ይገባል፤ አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ። አንድ ቀን የሚጠላን ሰው ስለ እኛ «ይህ ሰው ይዋሻል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ምን ብሎ የሚመልስ ይመስላችኋል?